ካሜራው በማን እጅ? ከ«ፋያ ዳዪ» በኋላ የሐረር ወጣቶች

ሐረርን በዓለም የሲኒማ መድረክ ከፍ አድርጎ ያሳየው ፊልም «ፋያ ዳዪ» ነው። ዳይሬክተሯ ጄሲካ በሽር በሐረር አድጋ በወጣትነቷ ከአገር ወጣች፤ ተመልሳ ስትመጣም ካሜራውን ራሷ ይዛ ለዐሥር ዓመት ያህል ቀረጸች። ይህ የጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታየ፤ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዱ ቪዥን ዱ ሬል ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ።

ፊልሙ ስለ ጫት ነው፤ ግን ስለ ጫት አይሰብክም። ጫቱ ከማሳ ሲቆረጥ፣ ሲታሰር፣ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ሲጣደፍ ያሳያል። የምርቃናውን ዝምታ፣ አባቱ በጫት የተጠመደበትን ልጅ፣ ባሕር አቋርጠው ለመሰደድ የሚያስቡ ጓደኛሞችን ከሐረር የሱፊ አፈ ታሪክ ጋር ያዋህዳል። «ሱስ ጎጂ ነው» የሚል መልእክት አስቀድሞ ቢያዝለት ኖሮ ይህ ሁሉ ከፊልሙ ውጭ በቀረ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በፊልሙ ውስጥ የሚናገሩት ወጣቶች ተደምጠዋል፤ ምን እንደሚቀረጽና ምን እንደሚቆረጥ የወሰኑት ግን እነሱ አይደሉም። ይህ የበሽር ጥፋት አይደለም። ከእሷ ሥራ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ወጣቶቹ ራሳቸው ፊልም እንዲሠሩ የሚያበቃ ሥልጠና ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ የቆየ ምሳሌ አላት። መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን ለመርዳት የተቋቋመው ጀሚኒ ትረስት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶችን የቪዲዮ ሥራ አሠልጥኖ ጄም ቲቪ የተባለውን የቪዲዮ ቡድን ፈጠረ፤ ከዚሁ ተቋም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድንም ወጣ። ወጣቶቹ የራሳቸውን ሰፈር ጉዳይ በራሳቸው ካሜራ ሠሩ። ከዚያ በፊት የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ተዋናይ ያልሆኑ ገበሬዎችን ከካሜራ ፊት አምጥቶ ነበር። ከገሪማ ወደ ጄም ቲቪ ያለው እርምጃ ትልቅ ነው፤ ድሃው ከካሜራው ፊት ወደ ካሜራው ጀርባ ተሻገረ።

ሐረር ላይ ይህ ሥልጠና ከቋንቋ መጀመር አለበት። የድሮውን ከተማ በከበበው የጁገል ግንብ ውስጥና ዙሪያ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ይነገራል። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት በር ላይ ከሚያስቀራቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ታሪኩ በእጃቸው ያለ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በሳምንት ዐውደ ጥናት ካሜራ መያዝ ይለመድ ይሆናል፤ ሰውን ታግሶ ማየት ግን አይለመድም። ለምሳሌ በከተማዋ አቅራቢያ የምትገኘው ቢሲዲሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመች መንደር ናት። ከውጭ የመጣ ቡድን እዚያ የሚቀርጸው አብዛኛውን ጊዜ ሐዘኔታ ነው። እዚያው ያደገ ወጣት ግን የመንደሩን ጠብ፣ ሰርግ፣ ሥራና ኩራት ያውቃል፤ ማኅበራዊ ጉዳይም ምሉዕ የሚሆነው እነዚህ ሲገቡበት ነው።

ስለዚህ የሐረሪ ክልል የባህል ቢሮና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ወጣቶችን መርጠው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይስጧቸው፤ የፊልሙን ርእስ ለወጣቶቹ ይተዉላቸው፤ የተሠራውንም ከውጭ ፌስቲቫል በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ በተመዘገበው የሐረሪዎች የሸዋሊድ በዓል፣ ለከተማው ሕዝብ ያሳዩ።