ዕቃውን ማን መረጠው? የደጃዝማች ዓለማየሁ ፎቶግራፎችና የወሎ የቤት አልበም

በቀደምት ፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ከቤት በተገኘ ጨርቅና ዕቃ የሚሰናዳ ትዕይንት እንደ የዋህ ጨዋታ ይቆጠራል። ይህ ዳሰሳ ግን የትዕይንቱ ትርጉም የሚወሰነው በመራጩ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ማስረጃውም የደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ምስሎች ናቸው።

ምስሎቹን ያነሳችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ ማንሳት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1863 መጨረሻ፣ በ48 ዓመቷ፣ ልጇና አማቿ ካሜራ ሲሰጧት ነው። ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል፣ ባለመስታወቱን የዶሮ ቤት ደግሞ ፎቶ ቤት አደረገችው። ተነሺዎቿ ዘመድ፣ ጎረቤትና እንግዳ ነበሩ፤ የቤት ሠራተኛዋ ሜሪ ሂሊየር ጨርቅ ተከናንባ ድንግል ማርያምን ትመስል ነበር።

ዓለማየሁ በዚህ ካሜራ ፊት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1868 ክረምት፣ በሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ወድቀዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በግንቦት አርፈዋል። በአንዳንዶቹ ምስሎች ውስጥ አብሮት ያለው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ነው። ቀድሞ ቴዎድሮስን ያገለገለውና «ባሻ ፈለቀ» የተባለው ይህ መኮንን የሐበሻ ልብስ ለብሶ ይታያል።

ካሜሮን በሠራተኛዋም ላይ ያደረገችው ይህንኑ ትዕይንት ማሰናዳት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አይደለም። በሂሊየር ምስል ሥር የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ስለሆነ ተመልካቹ ትወና መሆኑን ያውቃል። በዓለማየሁ ምስል ሥር ግን የተጻፈው የራሱ ስምና «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» የሚል መግለጫ ነው። በዚህ ምክንያት የተሰናዳው ትዕይንት ምስክርነት መሰለ፤ ስፒዲም በለበሰው ልብስ የልጁ አገር ወኪል ሆኖ ተቀመጠ። ትዕይንቱን አሳሳች ያደረገው የጨርቁ ርካሽነት ሳይሆን መግለጫው ነው።

በኋላ በከተሞቻችን ፎቶ ቤቶች ነገሩ ተገለበጠ። የተዋሱት ኮትና ክራባት፣ የፕላስቲክ አበባ፣ በቀለም የተሣለ መጋረጃ፣ በጉልበት ላይ የተቀመጠ ራዲዮ፦ ተነሺው ሊሆን የሚመኘውን በራሱ ምርጫ ያቆምበታል። ሐሰት ቢሆንም የራሱ ሐሰት ነው።

ይህ ልዩነት በወሎ ለከሚሴና ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ዋና ጉዳይ ነው። ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያ በመንገደኛ ካሜራ ብዙ ተነስቷል፤ ከምስሎቹ ሥር ግን የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ የብሔር ስምና የጌጥ ዓይነት እንጂ የሰው ስም አይደለም። የዞኑን ሰው ራሱ በመረጠው መልክ የሚያሳየው የቤት አልበም ነው። ስለዚህ የዞኑ የባህል ባለሙያዎችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልበሞቹን በባለቤቶቹ ፈቃድ ሲቀዱ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ የተነሺውን ስም፣ ዕቃው የማን እንደነበረና ማን እንደመረጠው።