የወንድሜ ክንድ ስንት ነው?

አብሮኝ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ አለ። ዕድሜው ሃምሳን የዘለለ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ክረምት (የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፤ በረዶው ደጃፍ የሚዘጋበትን) በየምሳ ሰዓቱ ከቦርሳው ውፍረታቸው እርሳስ የሚያክል፣ ቁመታቸው ከክንድ የሚተርፍ ዘንጎች እያወጣ በጣቱ ሲያሽከረክር፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ መብራቱ ሲያነጣጥር፣ ጎበጥ ያለውን ደግሞ በመዳፉ እያሸ ሲያቃና አየው ነበር። ለብዙ ቀን አይቼ እንዳላየ አለፍኩት። ሰው አገር ሲኖሩ የማይጠየቅ ነገር ይበዛል። በኋላ ግን አላስችል አለኝና ጠየቅሁት።

«ለታናሽ ወንድሜ ፍላጻ እየሠራሁለት ነው» አለኝ።

እኔም ሐበሻ ነኝና ከአፌ ቀድሞ የወጣው፣ «ለምን አትገዛለትም? ውድ ነው እንዴ?» የሚል ነበር። ሳቀ። ሱቁ ሞልቷል። የማይጎብጠው፣ ዝናብ የማይበግረው የካርቦን ፍላጻ በደርዘን ታሽጎ ይሸጣል። ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ፣ በአሥር ደቂቃ ገዝቶ ወደ ቤቱ መግባት ይችላል። «ሱቁ ግን የወንድሜን ክንድ አያውቀውም» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህቺ መልስ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር በቀስት ማደን ፈቃድ የሚወጣበት፣ ወቅት የተቆረጠለት ነገር ነው። የዊስኮንሲን ግዛት ገና እ.ኤ.አ. በ1934 ለቀስተኞች ብቻ የተለየ የአጋዘን ማደኛ ጊዜ ፈቅዷል። ዛሬ አብዛኛው ቀስተኛ ባለ መዘውር ደጋንና የካርቦን ፍላጻ ይዞ ነው የሚወጣው። ጥቂቶች ግን አሁንም እንጨት ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ይላሉ። ባልደረባዬና ወንድሙ ከነዚህ ናቸው። (እኛ በልማድ የሚያስፈነጥረውንም የሚስፈነጠረውንም «ቀስት» እያልን እናደበላልቀዋለን። እዚህ የሚያስፈነጥረውን ደጋን፣ የሚስፈነጠረውን ፍላጻ እያልኩ ልቀጥል።)

እንጨቱ በኦሪገንና በሰሜን ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ የሚበቅል ፖርት ኦርፎርድ ሲዳር የሚባል ዛፍ ነው። ከእኛው ጥድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሽታውም ያውዳል። ባልደረባዬ ክብ ሆኖ የተላገውን፣ ውፍረቱ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ዘንግ ገዝቶ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ፍተሻ ይመጣል። ዘንጉን በመካከላቸው 26 ኢንች፣ ማለትም 66 ሴንቲ ሜትር ርቀት ባላቸው ሁለት ድጋፎች ላይ ያጋድመዋል፤ መሐሉ ላይ ሁለት ፓውንድ የሚመዝን ነገር ያንጠለጥልበታል። ዘንጉ በግማሽ ኢንች ከጎበጠ 26 ለግማሽ ሲካፈል 52 ይወጣል። ያ ዘንግ ሲሳብ 52 ፓውንድ ገደማ ጉልበት ለሚጠይቅ ደጋን ይስማማል ማለት ነው። ከዚያ የጠነከረ ከሆነም፣ የላላ ከሆነም ዒላማውን ይስታል። ምክንያቱም የእንጨት ፍላጻ ከደጋኑ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጎበጥ ቀና እያለ፣ እንደ ዓሣ እየተወዛወዘ የደጋኑን እንጨት ዞሮት ያልፍና ነው የሚቃናው። እንግዲህ የወንድምህን ደጋን ጉልበት ሳታውቅ ፍላጻ ልሥራለት ብትል ማገዶ ሠራህለት ማለት ነው።

ቁመቱም እንደዚያው ነው። ሰው ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ለሁለት ተኩል ይካፈላል። 70 ኢንች ከሆነ 28 ይመጣል፤ ሰውየው የደጋኑን ገመድ የሚስበው እስከዚያ ነው። ባልደረባዬ ስጦታውን በምስጢር ሊይዘው ስለፈለገ የወንድሙን ሚስት «ካፖርት ላሰፋለት ነውና ክንዱን ለክተሽ ላኪልኝ» ብሏታል። እሷም እንዴት እንዳደረገች እንጃ፣ ለክታ ላከች።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። ሁለቱን ጫፎች እንደ እርሳስ መቅረጽ፤ የፊተኛው ብረቱ የሚሰካበት፣ የኋለኛው የደጋኑ ገመድ የሚገባበት ቆብ የሚለበስበት ነው። እንጨቱ እርጥበት እንዳይጠጣ ደጋግሞ ቫርኒሽ መቀባት። ለእያንዳንዱ ፍላጻ ሦስት ላባ ከተርኪ ክንፍ መምረጥ፤ ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለባቸው፤ ግራና ቀኝ ከተደባለቀ አይሆንም። ላባውን በጋለ ሽቦ እያቃጠለ ቅርጽ ሲያወጣለት ሚስቱ በሽታው ተማርራ ወደ ጋራዥ አባራዋለች። በመጨረሻም ከላባው በታች ቀያይና ጥቋቁር ቀለበቶች ቀባበት። ጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምልክት ነው። ጫካ ውስጥ ፍላጻ ወድቆ ሲገኝ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ከጥር እስከ መስከረም 12 ፍላጻ ሠራ፤ ብዙውን ዘንግ እየጣለ።

ይህ የምልክት ነገር ስለ ካላሃሪ ሰዎች ያነበብኩትን አስታወሰኝ። በናሚቢያና በቦትስዋና ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩት ጁሆአንሲ የሳን ሕዝብ ወገን ናቸው። ሎርና ማርሻል በ1950ዎቹ፣ ሪቻርድ ሊ ደግሞ ከ1963 ጀምሮ አብረዋቸው እየኖሩ አኗኗራቸውን ጽፈዋል። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አዳኝ ፍላጻው ላይ የራሱ ምልክት ነበረው። ጫፉ አጠገብ ከጥንዚዛ ዕጭ የተቀመመ መርዝ ይቀቡታል። የሚገርመው ይኼ አይደለም። የሚገርመው እንስሳው ሲወድቅ ሥጋው የገዳዩ አለመሆኑ ነው፤ የፍላጻው ባለቤት ነው። ፍላጻ ደግሞ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ፣ ይዋዋሳሉ። ስለዚህ ወንድሙ የሰጠውን ፍላጻ ተኩሶ የገደለ ሰው ሥጋውን የማከፋፈሉን ነገር ለወንድሙ ይተዋል። ከቤቱ ያልወጣ ሽማግሌ፣ አድና የማታውቅ ሴት እንኳ ሥጋ አካፋይ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሌላ ደግሞ ሃሮ የሚሉት የስጦታ ሥርዓት ነበራቸው። ስጦታ ስትቀበል ብድሩን ያኔውኑ መመለስ ነውር ነው፤ ቆይተህ ነው የምትመልሰው። ቶሎ ከመለስክ ከሰውየው ጋር ተፋታህ፣ ተገላገልክ ማለት ነዋ!

ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ብድራችንን በየወሩ የምንመልስ ሰዎች ነን። በሐዋላ።

እንዳይመስላችሁ፤ ሐዋላን ላናንቅ አይደለም። በእሱ እናት ትታከማለች፣ ልጅ ይማራል፣ የቤት ኪራይ ይከፈላል። «ከገንዘብ ፍቅር ይበልጣል» እያለ የሚሰብክ ሰው ካጋጠማችሁ የቤት ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ መሆኑን ጠርጥሩ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰውም ላባ ለመምረጥ ዘጠኝ ወር የለውም። ይኼ ሁሉ ገብቶኛል። የእኔ ቅሬታ ስጦታ ብለን የምንሰጣጠው ነገር ራሱ ሐዋላ መሆኑ ላይ ነው። አገር ቤት የሚገባ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ዐይታችኋል? ጫማው ወጥቶ ይዞራል፤ ለታሰበለት ሰው ይጠበዋል፤ ላልታሰበለት ልክ ይሆናል። ሰጪው ደንገጥ እንኳ አይልም። «ለሚሆነው ስጡት» ይላል። ተቀባዩም ከጫማው በፊት የሚያየው ምልክቱን ነው፤ «ኦሪጅናል ነው?»፤ ቀጥሎ «ስንት ገዛኸው?»። እዚያው አገር ቤት ያለነውም ብንሆን አንሻልም። ሠርግ ሲጠሩን ፖስታ እናሽጋለን፤ ስማችን ከብሩ መጠን ጋር ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ተራው ሲደርስ ያንኑ ያህል ይመለስልናል። ሒሳቡ ንጹሕ ነው። ጁሆአንሲዎቹ ቢያዩን ምን ይሉን ይሆን?

ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር ልላችሁ አይደለም። ግን እኔ ራሴ በእጅ የተሠራ ስጦታ ተቀብዬ ያደግኩ ነኝ። ታላቄ፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ቡሄ ሲቃረብ ቃጫ ገምዶ ጅራፍ ይሠራልኝ ነበር። «ና ቁም እስቲ» ይለኝና ጅራፉን ከትከሻዬ እስከ እግሬ ይለካዋል። ከበዛ ያጥረዋል፤ የረዘመ ጅራፍ ተጠምዝዞ ባለቤቱን ነው የሚገርፈው። በየዓመቱ ስለማድግ ያምናው ለዘንድሮ አይሆንም፤ ስለዚህ በየዓመቱ መለካት ግድ ነው። ለገናም እንዲሁ፣ ከወይራ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ጫፉን እሳት እያሞቀ ቆልምሞ ዱላ ይሰጠኛል። ያኔ ቁመቴን ከእናቴ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ታዲያ ያ እጅ የት ሄደ? አንዱ መልስ እኛው ነን የምንለው ነው። እንጨት የሚጠርበውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የሚሠራውን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ... ስሙ ብዙ ነው። ዐፄ ምኒልክ ይኼ ነገር ቢከፋባቸው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ አፋችን ግን አልተዘጋም። ወንድም ጋሼም ትንሽ ከፍ ሲል አባታችን አንድ ቀን ሞረዱን ቀምተው «ያስተማርኩህ አናጢ እንድትሆን ነው?» እንዳሉት አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ጅራፍ ከገበያ ተገዛልኝ። አስተማሪ ሆነ፤ ጡረታም ወጣ። አሁን ደግሞ ቦሌ ውስጥ ባሉ ሱቆች «በእጅ የተሠራ» ተብሎ ሲለጠፍበት ዋጋው ሲሰቀል አያለሁ። የሠሪው እጅ ግን ያው የሚናቀው እጅ ነው።

የባልደረባዬ ወንድም ፍላጻዎቹን ወሰደ። የመጀመሪያውን አጋዘን ላይ ሰደደ፣ ሳተ። ወንድማማቾቹ ቅጠል ውስጥ እየዳኹ ፍላጻውን ሲፈልጉ እንደመሸባቸው ነገረኝ። ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር።

እኔም ባለፈው ወር ወደ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። ፍላጻ ልሠራ አልነበረም። ከዘራ አሰብኩ፤ እንጨቱን ባልደረባዬ ሊመርጥልኝ፣ መቅረጹን ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኛል። የከዘራ ልክ የሚወሰደው ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ሲያንጠለጥል ከእጅ አንጓው እስከ መሬት ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ቁመትህን አስለካልኝ፤ ከእጅህ አንጓ እስከ መሬት።»

«ደግሞ ለምንህ ነው?»

«ከዘራ ልሠራልህ ነዋ። በእጄ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ከዘራማ ይዣለሁ እኮ» አለኝ። «ሦስት ዓመት አለፈኝ። ቀኝ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ 36 ጊዜ ልኬለታለሁ። ደረሰኞቹ ስልኬ ውስጥ አሉ።

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«አንተ ልጅ፣ ደረሰህ ወይ ነው እኮ የምትጠይቀኝ። ደረሰኝ እልሃለሁ።»

ከዚያ የልጅ ልጁን ጠርቶ ሜትር አስመጣ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ለካችው፤ አንዴ 84፣ አንዴ 81 ሴንቲ ሜትር። ጉልበቱ አላቆም ስላለው ነው። የቱን ልያዝ ብዬ ጠየቅሁት።

«ረዘም አድርገህ ሥራው» አለኝ። «ከበዛ እዚህ አሳጥረዋለሁ። መጋዝ አላጣም።»