ከላይ ሎሌ፣ ከታች ጌታ፦ የ«ማክቤዝ» ቫሳሎች

የፊውዳል ሥርዓት በመድረካችን ላይ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሪዙን የሚጠመዝዝ ጌታና መሬት የሚስም ጭሰኛ። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። ሥርዓቱን ለዘመናት አቁሞ ያኖረው ሦስተኛው ሰው፣ ከላይ ሎሌ ከታች ጌታ የሆነው ቫሳል፣ ከመድረኩ ቀርቷል።

ቫሳልን «ገባር» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ስሕተት ነው። ገባር የሚገብረው ተገዶ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የነበረው ቫሳል ግን ራሱ መኮንን ነበር። በጌታው ፊት ተንበርክኮ፣ ሁለት እጆቹን አጋጥሞ በጌታው እጆች መካከል በማኖር ታማኝነቱን ይምላል፤ በምላሹ መሬትና ጥበቃ ያገኛል፤ ጦርነት ሲነሣም ጭፍራውን አስከትሎ ይዘምታል። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ በዚህ ውል ውስጥ ተዋዋይ አይደለም፤ ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነው። በእኛም አገር ባለ ጉልቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ያገኝ የነበረው ለጌታው በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ይሁን እንጂ ሹመቱ አብዛኛውን ጊዜ በሰጪው ፈቃድ የሚሻር በመሆኑ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሥርዓቱን ጠባይ ከብዙ መጻሕፍት አብልጦ ይናገራል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በዘሩ ቢኩራራም፣ የሚጠራበት ማዕረግ ራሱ ከላይ የሚሰጥ የጦር ሹመት ነው።

ይህን ባለ ሁለት ፊት ሰው አጥርቶ የሚያሳየን፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1606 ገደማ የተጻፈውና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ማክቤዝ» ነው። ተውኔቱን የሥልጣን ጥም ያሳበደው የአንድ ሰው ታሪክ አድርጎ ማንበብ ተለምዷል፤ ጠንቋዮቹና ደሙ ዐይን ስለሚስቡ ይሆናል። እኔ አስቀድሜ የምከተለው የማዕረጉን ጉዞ ነው። የኮውዶር ሹም ንጉሥ ዳንካንን በመክዳቱ ይገደላል፤ ማዕረጉ ለማክቤዝ ይሰጣል። ንጉሡ በከዳው ሹም ላይ ምን ያህል ተማምኖ እንደ ነበር ተናግሮ ሳይጨርስ ማክቤዝ ይገባል! የታማኝነት ዋጋ ተብሎ የሚሰጠው ማዕረግ ከከሃዲ ወደ ከሃዲ ተላለፈ። ይህ የሆነው ዳንካን ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። በቫሳሎቹ ጦር የሚነግሥ ንጉሥ ድል ያመጣለትን ሁሉ መሸለም ግዴታው ነው፤ የተሸለመው ደግሞ ለመክዳት የሚበቃ ጉልበት ያገኛል። ማክቤዝ ከነገሠ በኋላ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃልና በየመኳንንቱ ቤት በገንዘብ የተገዛ ሰላይ ያኖራል። መሐላው የሞተው እዚህ ላይ ነው።

ገበሬውስ? በሰካራሙ በረኛ ቀልድ ውስጥ ራሱን የሰቀለ አንድ ገበሬ ይነሣል፤ ወዲያው ይታለፋል።

ማልኮልም ድል አድርጎ ንጉሥ ከተባለ በኋላ፣ መኳንንቱን «ኧርል» በሚል አዲስ ማዕረግ ይሾማል። ጦርነቱ አልቋልና ይህን ንግግር አሳጥሮ መጋረጃውን ማውረድ አዘጋጁን ያጓጓ ይሆናል። የእኔ ምክር ሙሉውን እንዲያሰማ ነው። ሹመቱ በሚነገርበት ጊዜም የበርናምን ደን ቅርንጫፍ ቆርጠው የተሸከሙት ወታደሮች ከነቅጠላቸው በመድረኩ ላይ ይቁሙ፤ ከእነርሱ መካከል በስም የሚጠራ አንድም የለም።