የድምፅ መልእክቷ

የሰፈራችን እናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ጠዋት ጠዋት በአበባ ሥዕልና በ«እንደምን አደራችሁ» ይጨናነቃል (እሱን ሳላይ አልፋለሁ)። የምወደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትልከውን ድምፅ ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ አያትም ይሰሙታል። ባለፈው ስለ እንገር ነበር፦ «ቢጫ ስለሆነ እንዳትደፉት፤ ለልጁ እንደ መጀመሪያ ክትባት ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ! ውሃም፣ አብሽም፣ ቅቤም አይቅመስ።»

ከእነዚህ አያቶች አንዷ የሆኑት እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሁለቴ ሰሙና «እኛ እኮ ቅቤ አልሰን ነው ያሳደግናችሁ» አሉ። ምራታቸው ሳቀች። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ቢሆን ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እማማ ግን ራሳቸው ማይኩን ተጭነው «ልጄ፣ ገንፎውስ መቼ ይጀመር?» ብለው ጠየቁ። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ መልሱ መጣ፦ «6 ወር ሲሞላው፣ እማማ፤ ከማንኪያ የማይንጠባጠብ፣ ወፈር ያለ ይሁን።»