የሕፃኑ ማዘያና የእናቱ ቋንቋ

ኦጂብዌ ወይም ቺፐዋ የሚባሉት ነባር ሕዝብ በአሜሪካና በካናዳ ድንበር፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የሚኖሩ ናቸው። ሲስተር ኢኔዝ ሂልገር የተባሉ የካቶሊክ መነኩሲት በ1930ዎቹ ዓመታት መንደር ለመንደር እየዞሩ የልጅ አስተዳደጋቸውን ጠይቀው የጻፉት መጽሐፍ በ1951 ታተመ፤ በ1992ም እንደገና ወጥቷል።

የመጽሐፉ ዋጋ ጥቃቅኑን ነገር አለመናቁ ነው። እናት በረግረግ የሚበቅል፣ ውሃ የሚመጥ ለስላሳ ተክል ለቅማ አድርቃ በሽንት ጨርቅ ፋንታ ታደርገዋለች። ሕፃኑ ተጠቅልሎ «ዲኪናጋን» በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይታሰራል፤ ሰሌዳው ቢወድቅ ጭንቅላቱ እንዳይጎዳ ከፊቱ የተቆለመመ እንጨት አለ። እትብቱ በትንሽ ከረጢት ተሰፍቶ ይቀመጥለታል። በአንቀልባ ታዝለን ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ እንግድነት አይሰማንም። ልዩነቱ፣ የእኛ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ይጣበቃል፤ የእነርሱ ግን ሰሌዳው ዛፍ ላይ ተደግፎለት የሚሠሩትንና የሚያወሩትን ትልልቅ ሰዎች ፊት ለፊት እያየ ይውላል።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። ሰሌዳው እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ተነግሮናል፤ እናቲቱ ልጁን ስታስረውና ስትፈታው ምን ምን እንደምትለው ግን ጸሐፊዋ እምብዛም አልጠየቁም። ልጁ ቋንቋውን የሚሰማው ግን ያኔ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የኦጂብዌ ልጆች ከቤታቸው ተወስደው በአዳሪ ትምህርት ቤት በቋንቋቸው በመናገራቸው ይቀጡ ስለነበር፣ ጥያቄው ትንሽ አልነበረም።

ሂልገር ከጎበኟቸው ቦታዎች በአንዱ፣ በዊስኮንሲን ግዛት በላክ ኩርት ኦሬይ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኦጂብዌኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙ ዋዶኮዳዲንግ ሲሆን እርስ በርስ የምንረዳዳበት ማለት ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን እናት ያለ ደመወዝ ትሠራው የነበረውን አሁን መምህር ቀጥሮ፣ መጽሐፍ አዘጋጅቶ መሥራት ግድ ሆኗል።

እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲትን እናት «ለልጅሽ ዕብራይስጥ ብቻ ተናገሪ» ብዬ መክሬያለሁ። ዕብራይስጧ ገና ሦስት ወር የኡልፓን ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ልጁን ዝም ብላ ታጥበው ነበር።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ያላችሁ ስለ ማዘያውና ስለ ስም አወጣጡ የሚናገረውን ክፍል እያነበበ በአማርኛ ይንገራችሁ፤ እናንተም የአንቀልባውን ንገሩት።