«ማናሜ» እና «ሬካቫ»፤ የሲንሃላ ቅርስ ከማን ተወረሰ?

በሲሎን ደሴት፣ በዛሬዪቱ ስሪ ላንካ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ሦስት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። የሲንሃላ ቋንቋ ብቻውን የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ፤ የኤዲሪዊራ ሳራችቻንድራ «ማናሜ» የተባለው ቴአትር በኮሎምቦ ታየ፤ የሌስተር ጄምስ ፒሪስ «ሬካቫ» የተባለው ፊልምም ለሕዝብ ቀረበ። ስለ አገሩ ኪነ ጥበብ የሚጽፉ ብዙዎች ሁለቱን ሥራዎች ከባዕድ ነገር የጠሩ እያሉ ያመሰግኗቸዋል። ምስጋናው የሚገባቸው ሲሆን፣ የምስጋናው ምክንያት ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ከ«ማናሜ» በፊት የከተማው መድረክ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ከህንድ የፓርሲ ቴአትር የተቀዳው «ኑርቲ» ሲሆን፣ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ከሞልየርና ከጎጎል እየተረጐሙ የሚያሳዩት ተውኔት ነበር። ሳራችቻንድራ ግን ሊጠፋ ወደ ተቃረበው የባሕር ዳር መንደሮች ጨዋታ፣ ወደ «ናዳጋም»፣ ዘወር አሉ። ዜማውን የሚያውቁትን የመንደር ባለሙያ ቻርልስ ሲልቫ ጉናሲንሄን ረዳት አድርገው፣ ብዙ ሌሊት ይፈጅ የነበረውን ጨዋታ በአንድ ምሽት እንዲያልቅ አሳጠሩት፤ ተራኪውን፣ ዘማሪዎቹንና «ማዳላ» የሚባለውን ከበሮ ግን አስቀሩለት።

ይሁን እንጂ ናዳጋም ራሱ ከታሚሎች የ«ኩቱ» ጨዋታ የተገኘ፣ በባሕር ዳር ካቶሊኮች መካከል ያደገ፣ ዜማውንም ከደቡብ ህንድ ያመጣ ነው። ስለዚህ የሲንሃላነት ምልክት ተብሎ የተወደሰው ቅርጽ፣ የዚያ ዓመት ሕግ ቋንቋውን ከመንግሥት ሥራ ካገለለበት ሕዝብ የተወረሰ መሆኑ ነው።

ታዲያ «ማናሜ»ን የሲንሃላ ሥራ ያሰኘው ምንድር ነው? መልሱ በልዕልቲቱ ዘንድ ይገኛል። በጥንቱ የጃታካ ተረት ባልዋ ከጫካው ሽፍታ ጋር ሲታገል ሰይፉን ለሽፍታው የምትሰጥ ከዳተኛ ናት። በሳራችቻንድራ ድርሰት ግን ስለ ተቃዋሚው ምሕረት ትለምናለች፤ ታመነታለችም፤ በዚያች ቅጽበት ሰይፉ ከጫካው ንጉሥ እጅ ገብቶ ባልዋ ይሞታል። ጥፋተኛዋ እርስዋ ናትን? ፍርዱ ለተመልካቹ ተትቷል። ተረቱ የፈረደባትን ሴት ደራሲው እንደ ገና ለፍርድ ስላቀረባት፣ የአያቶች ዜማ የዘመኑን ሰው ጥያቄ ሊሸከም ቻለ።

«ሬካቫ»ም እንዲሁ ነው። በ1947 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው የሲንሃላ ድምፃዊ ፊልም በደቡብ ህንድ ስቱዲዮ የተሠራ ነበር። ፒሪስ ካሜራውን ከስቱዲዮ አውጥተው ወደ መንደር ወሰዱት። ሴና የተባለው ልጅ የታወረችውን ባልንጀራውን ዓይን ቢዳስስ ታያለች፤ መንደሩም ፈዋሽ ይለዋል። በኋላ ሌላ ሕፃን ሳይድን ቢሞት፣ ድርቅም ቢወርድ፣ የባረከው አፍ ይረግመዋል። ፊልሙ በመንደሩ እምነት አይሳለቅም፤ አያሞጋግሰውምም። ይህን የሠሩት ሰው እንግሊዝኛ በሚነገርበት የካቶሊክ ቤት ያደጉ ናቸው፤ የዘፈኖቹንም ግጥም የጻፉት ማርሴሊን ጃያኮዲ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ናቸው።

ፊልሙ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። መሬቱ የማን እንደ ሆነ፣ ማን ለማን እንደሚገዛ ብዙም ሳይመረምር ያልፋል። ፒሪስ ይህን ጉድለት በ1963 ዓ.ም. ከማርቲን ዊክረማሲንሄ ልብ ወለድ በወሰዱት «ጋምፔራሊያ» አሟልተውታል፤ የአንድ ባላባት ቤት ቀስ በቀስ ሲፈርስ ያሳያልና። ፊልሙ በ1965 ዓ.ም. በኒው ደልሂ የወርቅ ፒኮክ ሽልማት አግኝቷል።

ከ1983 እስከ 2009 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት ባለፈበት አገር ይህ ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ናዳጋምን ንጹሕ የሲንሃላ ቅርስ ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ የታሚሉን ባለ ዜማ ከመዝገብ ይፍቀዋል። ምንጩን ቢመዘግብ ግን ከሲንሃላው አንዳች አይጐድልበትም፤ «ማናሜ»ን የራሱ ያደረገው፣ ተውሶ ባመጣው ዜማ የራሱን ጥያቄ መጠየቁ ነውና።