ሽልማትና ተሳትፎ፦ ስለ ኢንተርኔት የፈጠራ ውድድሮች የቀረበ አጭር ሂስ

በዛሬው ዘመን ድርጅቶችና መንግሥታት የቸገራቸውን ጥያቄ በኢንተርኔት አማካይነት ለሕዝብ እያቀረቡ፣ መልስ ላገኘ ሽልማት እንሰጣለን ማለትን ልማድ አድርገዋል። የውድድሩም መልካምነት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በተሳታፊዎቹ ብዛት ነው። ይህ መለኪያ የተሳሳተ መሆኑን በሁለት ውድድሮች ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው፣ በዚያን ጊዜ ፊልም በፖስታ ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2006 የከፈተው ውድድር ነው። ድርጅቱ ደንበኞቹ ለፊልሞች የሰጧቸውን ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች ለተወዳዳሪዎቹ አስረክቦ፣ አንድ ደንበኛ አንድን ፊልም ምን ያህል እንደሚወድ የሚገምትበትን ስልት በ10 በመቶ ላሻሻለ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። ከ180 በላይ ከሆኑ አገሮች ከ40000 የሚበልጡ ቡድኖች ተመዘገቡ።

ሰዎቹን ለሦስት ዓመት ያህል በሥራው ላይ ያጸናቸው ገንዘቡ ብቻ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ታላቁ ሽልማት ለአንድ ቡድን ብቻ እንደሚደርስ ሁሉም ያውቅ ነበርና። እንደ እኔ አስተያየት ከገንዘቡ ይልቅ ያጸናቸው የውድድሩ አሠራር ነው። መልሱን የላከ ሁሉ ውጤቱን ሳይቆይ ይረዳ ነበር፤ ደረጃውም ለሁሉ በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይሰፍር ነበር፤ ተሸላሚውም ዘዴውን እንዲገልጽ ደንቡ ያስገድደው ስለ ነበር የተሸነፈው ከቀደመው ይማር ነበር። በ2009 ያሸነፈውም ቡድን ቀድሞ ተፎካካሪ ከነበሩ ሦስት ቡድኖች የተውጣጣ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቱም የታወቀ ነው። ከአሸናፊው ጋር እኩል ውጤት ያገኘ ሌላ ቡድን መልሱን የላከው 20 ደቂቃ ዘግይቶ በመሆኑ ባዶ እጁን ቀረ። ድርጅቱም ከቀደሙት ዘዴዎች አንዳንዶቹን ቢጠቀምባቸውም፣ የመጨረሻው መፍትሔ ከሚጠይቀው ድካም ጋር ጥቅሙ አይመጣጠንም ብሎ ሥራ ላይ አላዋለውም። ይባስ ብሎ፣ ስማቸው የተሰወረው ደንበኞች ከነጥቦቹ ሊታወቁ እንደሚችሉ ተመራማሪዎች ስላሳዩና ክስም ስለ ተነሣ፣ ሁለተኛው ውድድር በ2010 ተሰረዘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2009 ያደረገው ነው። 10 ቀይ ፊኛዎች በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች ተሰቅለው፣ የሁሉንም ሥፍራ ቀድሞ ለሚያስታውቅ 40000 ዶላር ተመደበ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቡድን ፊኛውን ላየ 2000፣ ያየውን ሰው ለጋበዘ 1000፣ ያንን ጋባዥ ለጋበዘ 500 ዶላር፣ እንዲህም እያለ በግማሽ እየቀነሰ ለማካፈል ቃል ገብቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አሸነፈ። የሐሰት ጥቆማ መብዛቱ የውድድሩ ደካማ ጎን ነበር፤ ነገር ግን ፊኛ ያላየ ሰው እንኳ ላደረገው አስተዋጽኦ ድርሻ ሊያገኝ መቻሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ባለፈው ዓመት በአንድ የኢንተርኔት ውድድር ገብተን አራት ወር ደከምን። በመጨረሻ ያየነው የአሸናፊውን ስም ብቻ ነው። ሥራችን የቱ ላይ እንደ ተሳሳተ የነገረን የለም፤ የአሸናፊውም ሥራ አልታተመም። በሚቀጥለው ጥሪ ጊዜ ከሦስታችን የተመዘገበ አልተገኘም።

ውድድር ውድድር ነው፤ ተሸናፊ ምን ይጠይቃል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሽልማት አለመጠየቁ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን ደቦ የጠራ ገበሬ፣ ብዙ ያጨደውን ቢያመሰግንም ሌሎቹን ጦማቸውን አይሰድም፤ እርሱም በተራው ሊያግዛቸው ዕዳ አለበት። የውድድር አዘጋጅም ለደከመው ሁሉ ቢያንስ መልስ ሊሰጥና የተገኘውን ዕውቀት ለሁሉ ሊገልጽ ይገባዋል። ስለዚህ የአንድን ውድድር መልካምነት ለማወቅ የምንፈልግ ከሆነ፣ ስንት ሰው መጣ ከማለት ይልቅ፣ ከተሸነፉት መካከል ስንቱ ተመልሶ መጣ ብለን እንጠይቅ።